ትርፍ ፊደል

መቁጠሪያዋ ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ ኮንድራት የሰውዬውን ፊት አላየም። ጣቶቹን ነበር የሚያየው።

ሰውዬው አማተበ። በሁለት ጣት፣ እንደ ጥንቱ ሥርዓት፣ ሳይቸኩል። በደንብ ተለማምዷል።

«ስንት እርከን አላት?»

«መቶ ዘጠኝ። ዐሥራ ሁለተኛዋ ትንሽ ትጠብቃለች።»

«ግድ የለም። እኔ እጅ የገባ ሁሉ ይላላል።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ነጋዴ መሳዩ ሰው ሻምበል ሩጎዲን ነው። ጺሙን ለዚህ ሥራ ብሎ አሳድጎት ገና አልለመደውም፤ አሁንም አሁንም ያሳክከዋል። በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለው በማካሪዬቭ ገበያ በጠራራ ፀሐይ፣ በጨው ዓሣ በርሜልና በሰም ክምር መሀል፣ አንድ ጺማም ከሌላ ጺማም የቆዳ መቁጠሪያ ሲቀበል ማን ልብ ይላል? የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ያወጣችውን አዲስ ሥርዓት ያልተቀበሉት የጥንቱ ሥርዓት ሰዎች ጸሎታቸውን የሚቆጥሩት በዚያ ነው። በእያንዳንዷ የቆዳ እርከን ውስጥ አጭር ጸሎት የተጻፈባት ጥቅል ወረቀት አለች። በዐሥራ ሁለተኛዋ እርከን ግን ከጸሎቱ ሥር ሌላ ነገር ተጽፏል፦ ቀለም ተገኘ። ሴት ናት። ፌቲንያ።

«ቀለም» ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታደን የኖረ ጸሐፊ የምስጢር ስም ነው። ሰላዩ ኮንድራት ራሱ በንጉሡ የምስጢር ምርመራ ቤት መዝገብ «ወስፌ» ይባላል። ቤቱም ትክክለኛ ስም አለው፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን አይጠሩትም።

«ፓኾም!»

ከኋላው ነው። ፓኾም፣ ኮንድራት ማንነቱን ደብቆ ሁለት ዓመት በኖረበት የጫካ ገዳም የሚጠራበት ስም ነው። የገዳሙ ጋሪ ነጂ አጋፎን ሰው እየገፋ መጣና መቁጠሪያዋን ከሻምበሉ እጅ መንጭቆ ወሰዳት።

«ይቺንማ ለሰው አትሰጣትም። የእማሆይ ፌቲንያ ተበጥሳለች፤ ለሳቸው ትሆናለች።»

ደንዳናው አውራ ጣቱ እርከኖቹን መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ። ዐሥር። ዐሥራ አንድ።

ቆመ።

«ይቺ ምነው ጠነከረች? ምን ጎስጉሰህባታል?»



«ወንድሜ» አለ ሻምበሉ ረጋ ብሎ፣ «ካማተብኩባት በኋላ ትነጥቀኛለህ? ጸሎት ጀምሬባታለሁ እኮ። በናንተ ገዳም እንዲህ ነው እንዴ?»

አጋፎን እስከ ጆሮው ቀላ። መቁጠሪያዋን መለሰና «ስለ ክርስቶስ ይቅር በለኝ» ብሎ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለ። ከዚያ ፈረሶቹን ሊያጠጣ ሄደ።

ሻምበሉ አንድ የሰም ቁራጭ ኮንድራት መዳፍ ላይ አኖረ። ውስጡ ደብዳቤ ነበር።

«ሦስተኛው ነው። ወንድምህ ከስቷል፤ ግን ደህና ነው።»

«መቼ ነው የምትለቁት?»

«ሴትዮዋን ከነመጽሐፏ እስከ ገዳሙ ድልድይ አምጣ። እዚያው ወንድምህን ትረከባለህ። ሰባት ቀን አለህ።»

«ገዳሙስ?»

«አንድም ወታደር እግሩን አያስገባም። የመኮንን ቃል ነው።»

ኮንድራት አመነው። ሳያምን ምን ያደርጋል? ታናሽ ወንድሙ ቴሬንቲ የታሰረው በሦስት ጣት አላማትብም ብሎ ነው። ሁለቱም ያደጉት በጥንቱ ሥርዓት ነበር። ኮንድራትን ግን ገና በልጅነቱ ለውትድርና ወሰዱትና ማንበብና መጻፍ ያስተማረው የክፍለ ጦሩ ቄስ ሆነ። ንጉሡ «ኢምፔራቶር» የሚል አዲስ ማዕርግ ሲይዝ አንድ ጽሑፍ ከጫካ ጫካ መዞር ጀመረ። የማዕርጉን ፊደላት በቁጥር ዋጋቸው ደምሮ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ያወጣል፤ ንጉሡ በራእይ የተነገረው ሐሳዊ መሲሕ ነው ይላል። ያኔ ነው ሩጎዲን የመጣው። «ጸሐፊውን አምጣ፣ ወንድምህን ውሰድ» አለው። ሌላ ውል አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ኮንድራት የመቁጠሪያ ቆዳ በወስፌ ሲወጋ እማሆይ ፌቲንያ ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ሰባ ያለፋቸው፣ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ቀለም ጠጥተው የጠቆሩ መነኩሲት ናቸው። በነዚህ ሁለት ዓመታት ልብሱን ሲጠቅሙለት፣ ሲታመም ሾርባ ሲያጠጡት የኖሩ እሳቸው ናቸው። በሩን ዘጉ። የተበጠሰች መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከውስጧ የወጣችውን ወረቀት አጠገቧ አኖሩ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ።»

ጸሎት ብቻ ነበር። ምንም ምስጢር የለበትም።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«የጌታን ስም አንብብልኝ።»

«ኢኢሱስ።»

እማሆይ ሁለተኛዋን ኢ በጥፍራቸው ነኩ።

ያን ጊዜ ገባው።

የጥንቱ ሥርዓት ሰው ስሙን በአንድ ኢ ነው የሚጽፈው፤ ኢሱስ ብሎ። ሁለተኛዋን ኢ የጨመሩት አዲሶቹ መጻሕፍት ናቸው። በእሷ ጦስ ምላሱ የተቆረጠ አለ፣ የተቃጠለም አለ። ኮንድራት ሌላውን ሁሉ ተጠንቅቋል፤ ጣቱን፣ ስግደቱን፣ ጽዋውን። እጁ ግን የክፍለ ጦሩ ቄስ እንደገራው ቀርቷል።

ወስፌውን ጨበጠ።

«አስቀምጠው» አሉ እማሆይ ቁጭ እያሉ። «ልትገድለኝ ብትፈልግ በሾርባዬ ትመርዘኝ ነበር፤ የምታመጣልኝ አንተ ነህ። እኔ ካወቅሁህ ቆየሁ፤ ከፋሲካ ጀምሮ። አጋፎን ቢያውቅ ወንዝ ይከትህ ነበር። እኔ ግን አንዲት ፊደል እስክትጥል ብዬ ጠበቅኩህ። ምን ያደርጋል፣ አልጣልካትም።»

«ለምን ዝም አሉኝ?»

«የኛ ሰው ከባዕድ ጋር በአንድ ጽዋ አይጠጣም። እኔ እያወቅሁ ጠጣሁ። ኃጢአቱ የኔ ነው፣ ተወው። ይልቅ ንገረኝ፤ በምን ያዙህ?»

ነገራቸው። ሲጨርስ ሦስቱን ደብዳቤዎች ከደረቱ አውጥቶ ሰጣቸው። እማሆይ የመጀመሪያውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«'ወንድሜ ሆይ፣ በዙፋኑ ላይ አውሬው ተቀምጧል፤ እኛ ግን በጌታችን በ…'»

አቋረጡ። ሁለተኛውን ገለጡ። ሦስተኛውን።

«ወንድምህን ፊደል ያስቆጠረው ማን ነው?»

«አባታችን።»

«በአዲሱ መጽሐፍ?»

«አባቴ? አዲሱን መጽሐፍ ከደጁ አያስደርስም ነበር።»

እማሆይ የጠቆረ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ኢኢሱስ። በሦስቱም ደብዳቤ፣ ሁለት ሁለት ኢ።

«እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሦስት ጣቱንም አንሥቶ በነጋታው ከእስር በወጣ ነበር፣ ልጄ። ይህን ወንድምህ አልጻፈውም።»

ኮንድራት ደብዳቤዎቹን አፍጥጦ አያቸው። ስንቴ አንብቧቸዋል፤ ስንቴ አልቅሶባቸዋል። እጁ የሚስተውን ዓይኑ ከየት ያምጣው? አሁን ሲያየው ጽሑፉ ራሱ ሩጎዲን ትእዛዝ ከሚጽፍበት እጅ ጋር አንድ ነው፤ የፊደሎቹን ጭራ ብቻ አሳጥሮታል። መጀመሪያ የመጣው ውርደቱ ነበር። ሐዘኑ ቀስ ብሎ ተከተለ።

«ስምዎን አሳልፌ ሰጥቻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። አጋፎን ስለጠነከረችው እርከን ነግሮኛል።»

«ያንን ጽሑፍ የጻፉት በእርግጥ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። በንዴት ጊዜ ነው። ማዕርጉን ይዤ ፊደል በፊደል ደመርሁት፤ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ሞላልኝ። እልል አልኩ።» ፈገግ አሉ። «ግን 'ኢምፔራቶር' ውስጥ ም አለች፤ ዋጋዋ አርባ ነው። እሷን ዘልዬ ነው የሞላልኝ። 'አውሬው ቁጥሩን ከም ሥር ሸሽጎታል' ብዬ ጻፍኩ። የሸሸግኋት ግን እኔ ነኝ።»

ከጉያቸው በቆዳ የተለበጠ ትንሽ መጽሐፍ አወጡ።

«ከዚያ ወዲህ የቀድሞዎቹን መረመርሁ። አባቶቻችን የሮሙን ቄሣር ቆጠሩ። የሮሙን ጳጳስ ቆጠሩ። የገዛ ፓትርያርካችንን ቆጠሩ። ለሁሉም ሞላ፤ አንዱ ፊደል ጨምሮ፣ አንዱ ፊደል ሰርቆ። እሱን ነው እዚህ የጻፍኩት። የመጀመሪያውን ጽሑፌን አገር ምድሩ በእጁ ገለበጠው። ይህንን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ ሐሳዊ መሲሑ በምን ይታወቃል?»

«መጽሐፉ 'የሰው ቁጥር ነው' ነው የሚለው። የሰው። ደግሞም 'ወንድም ወንድሙን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል' ይላል። እኔ የአውሬውን ቀንድ መፈለጉን ትቻለሁ።»

ኮንድራት ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

በሩ ተደበደበ።

«እማሆይ! ወታደሮች ከጀልባ ወርደዋል፤ ወደ ድልድዩ እየመጡ ነው።» አጋፎን ነበር፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ሰዉን ጸሎት ቤት እያስገባሁ ነው። ገለባውም ሙጫውም ተዘጋጅቷል።»

ሦስተኛው ቀን ነው። ሰባት የተባለው።

ኮንድራት የገለባውን ነገር ያውቃል። በዚህ ጫካ ወታደር ሲመጣ የጸሎት ቤት በር ከውስጥ ይዘጋል፤ ከዚያ እሳት ነው። ስልሳ ሦስት ነፍስ።

«በኋላ በር እንውጣ፣ እማሆይ። ጫካውን አውቀዋለሁ።»

«በነዚህ እግሮቼ?» ተነሡ። «እኔንና መጽሐፉን ካገኘ ወደ ውስጥ የሚገባበት ሰበብ የለውም። አስረክበኝ።»

«አልችልም።»

«ትችላለህ። ሁለት ዓመት ሙሉ የመጣህበት ነው። ሥራህን ጨርስ፣ ፓኾም።»

ኮንድራት መጽሐፉን ተቀበላቸው። የልባሱን ስፌት በቢላ ከፈተ። ሦስቱን ደብዳቤዎች ከቆዳው ሥር ከተታቸው። ከሰው ሁሉ የሰወራትን አንዲት የሩጎዲን ትእዛዝም ጨመረበት። መልሶ ሰፋው። ወስፌ ብለው ስም ያወጡለት ሰዎች ይህን ያህል ፈጥኖ ሲሰፋ አይተውት አያውቁም።

በዙፋኑ ላይ አውሬው ተቀምጧል። ሩጎዲን ለመታመን ብሎ በገዛ እጁ የጻፋት ቃል ናት። በምርመራ ቤቱ ለዚያች ቃል ራስ ይቆረጣል።

ድልድዩ ላይ ሻምበሉ ጺሙን ተላጭቶ ቆሟል። ከኋላው ዐሥራ ሁለት ወታደርና አንድ ሸምገል ያለ ሳጅን።

«ሰባት ቀን ብለኸኝ ነበር» አለ ኮንድራት።

«ቸኮልኩ። ይቺ ናት?»

«እሳቸው ናቸው። መጽሐፉም ይኸው። ሁለቱም በእጅህ ነው፤ ወደ ገዳሙ የሚያስገባህ ነገር የለም።»

ሻምበሉ ጭስ እንደሚፈልግ ሰው በዛፎቹ መሀል አሻግሮ ተመለከተ። ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ትእዛዙ ጸሐፊዋንና መጽሐፏን ነው የሚለው፣ ጌታዬ። ሌላ አይልም።»

ሻምበሉ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ መጽሐፉን በገመድ አስሮ በራሱ ማኅተም አተመው። የንጉሡን ስም የሚነካ ጽሑፍ ከዳኞቹ በፊት ማንም አይገልጥም፤ ደንብ ነው።

«ቴሬንቲስ?» አለ ኮንድራት።

«ጀልባው ላይ ነው።»

«የትኛው ቴሬንቲ?» አለ ሳጅኑ። «ያ ባለ ሁለት ጣቱ? እሱማ ካለፈ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»



ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ሩጎዲን ውሉን ይዞ ሳይመጣ በፊት።

«ተሳስቷል» አለ ሻምበሉ። «ሌላውን ነው የሚለው። በሚቀጥለው ወር አመጣልሃለሁ።»

የኮንድራት እጅ ወስፌው ላይ ነበር። አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ግን ማኅተሙ ገና አልደረቀም፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥም ስልሳ ሦስት ሰው አለ።

«እሺ፣ ሻምበል» አለ።

እማሆይ ሲያልፉ በሁለት የጠቆሩ ጣቶቻቸው ግንባሩን አማተቡለት። «ፊደሏን አትርሳ፣ ልጄ።» ከዚያ በወታደሮቹ መሀል፣ በዝግታ፣ ወደ ጀልባው ወረዱ።

ጸሎት ቤቱ አልነደደም። ሰዎቹ ወጥተው በአጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩት ኮንድራትን ነው፤ እማሆይን ያስረከበውን ሰው። አጋፎን ተጠግቶ ፊቱ ላይ ተፋበት።

«ይሁዳ።»

ኮንድራት ምራቁን አልጠረገም። ሰውዬው አልተሳሳተም።

በረዶው ሲጀምር ወሬው በቮልጋ ወረደ። አንድ ሻምበል በሰንሰለት ታስሯል አሉ። አንድ መጽሐፍ ሲፈታ ከልባሱ ሥር በገዛ እጁ ንጉሡን አውሬ ብሎ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ እጁን ከትእዛዙ ጋር አስተያይተውታል። ሻምበሉም ወስፌ የሚባል ሰላይ ለማታለል የጻፍኩት ነው ብሎ ማለ። ወስፌን አስፈለጉት። የወስፌን ካፖርት ወንዝ ዳር ተጥሎ አገኙት፤ መዝገቡም ሰጥሟል ብሎ ዘጋው።

እማሆይ ፌቲንያ ከዐቢይ ጾም በፊት በእስር ቤት ዐረፉ። ያ ማንም ያልጠየቃቸው መጽሐፍ አሁን በምርመራ ቤቱ ሣጥን ተቆልፎበታል። ያነበበው ሰው ቢኖር ዳኞቹ ብቻ ናቸው።

በበጋው፣ ከዚያ እጅግ ርቆ፣ በደቡብ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ገበያ አንድ ሰው የቆዳ መቁጠሪያ ዘርግቶ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ከመቁጠሪያዎቹ አንዷን አንሥታ፣ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ የአንዷን እርከን ወረቀት በጥፍሯ ሳብ አድርጋ አነበበች። ፊቷ በራ።

«አንድ ኢ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለካ የኛ ሰው ነህ።»

ሰውዬው ወረቀቷን ወደ እርከኗ መልሶ ከተተ።

«ማን ልበልህ? በጸሎቴ አስብሃለሁ።»

«ካለፉት ጋር ሁለት ሰው አስቢልኝ። ቴሬንቲ። ፌቲንያ።»

«እሺ። የራስህስ ስም?»

መቁጠሪያዋን አጣጥፎ እጇ ላይ አኖረላት።

«ዐሥራ ሁለተኛዋ ትንሽ ትጠብቃለች» አላት። «ስትጸልዪባት ትላላለች።»

ሴትዮዋ መቁጠሪያዋን ይዛ ሄደች። እሱም ቆዳውን ሰበሰበ፣ ወስፌውን ቀበቶው ውስጥ ሻጠ፣ ገበያው ሳይበተን ተነሥቶ ሄደ።