ኩሬው አረንጓዴ የሆነ ሰሞን

«አፍንጫሽን ያዢና ዝቅ በይ፤ እዚያ ጋ ሌላ አለ» አለ ጓደኛዋ ሊዮን።

ማህደር መረቡን ዘርግታ የተነፋውን ዓሣ ከአረንጓዴው ውሃ ላይ ጎትታ አወጣችው። አፉን እንደከፈተ ነበር የሞተው። ጥቁሩ ፌስታል ውስጥ ስትከተው ክርፋቱ ማስኳን አልፎ ጉሮሮዋ ድረስ ገባ። ቴክሳስ ውስጥ፣ ሳክሲ ከተማ ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ከጀርባዋ ኩሬ አላት። ዛሬ ጠዋት ምእመኑ ለአምልኮ ሲመጣ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተንሳፍፎ ጠበቀው፤ ስለዚህ ወጣቶቹ ከስብከቱ በኋላ ጓንት አጥልቀው ሬሳ ይለቅማሉ።

ፍርዱ የተሰጠው ገና ስብከቱ ሳይጀመር ነው። እማማ ዘነበወርቅ እሑድ እሑድ ከኅብረት ምሳ የተረፈውን እንጀራ ሰብስበው ለዓሣዎቹ ይበትናሉ። «የእግዜር እህል ጋርቤጅ ውስጥ? ወዲያ!» ይላሉ፣ ሳህን ይዞ ወደ ቆሻሻ መጣያው የሚሄድ ሰው ባዩ ቁጥር። እንግዲህ ዓሣ ሲሞት ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን ነው? ወደሚያበላው ሰው። «እማማ፣ ያ ሁሉ እንጀራ ሆዳቸውን ነፍቶት ነው» አሏቸው። ማንም አልተቆጣቸውም፤ ሁሉም እየሳቀ ነው የነገራቸው። ማህደርን ያንገበገባትም ይኸው ሳቅ ነው።

ዓሣዎቹን ማን እንደገደላቸው እሷ ታውቃለቻ!

በወሩ መጀመሪያ የግቢው ሣር ላይ ማዳበሪያ የመበተን ተራ የእሷ ነበር። የግቢውን ሥራ የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ እንግዳ፣ «ማህደር ከሆነች ዞሬም አላይ፤ ታማኝ ናት» ብለው መበተኛውን ጋሪና ጆንያውን አስረክበዋት ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሊዮን መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባውን ይነፋል። ካሮልተን ከተማ ደግሞ ጓደኞቿ ይጠብቋታል። የሣሩን ግማሽ እንኳ ሳታዳርስ የተረፈውን ማዳበሪያ በሙሉ ኩሬው ዳር ያለው ቁልቁለት ላይ ገለበጠችው፤ በጫማዋ በተን በተን አድርጋ ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ እብስ አለች። የዚያን ዕለት ማታ የወረደው ዝናብ አይጣል ነው።

ክፋቱ፣ አላወቅሁም ማለት አትችልም። ባለፈው ሴሚስተር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አቅርባ ተጨብጭቦላታል። ዝናብ ያጠበው ማዳበሪያ በወንዝ አድርጎ ባሕር ይገባል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ እሱን በልቶ ይንሰራፋል። አልጌው ሲሞት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክስጅን ሙልጭ አድርገው ይጨርሱታል፤ መሸሽ ያልቻለ ዓሣና ሸርጣን እዚያው ውሃው ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። የዚህ ኩሬ ትርፍም ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ትሪኒቲ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ጋልቨስተን ባሕረ ሰላጤ እንደሚወርድ በካርታ አሳይታ ነበር። ያኔ ስታስረዳ ግን ጥፋተኞቹ ሩቅ አገር ያሉ ገበሬዎች ነበሩ።

«ሊዮን፣ ልናገር ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ዋት? ኖ፣ ቺል አድርጊ። ማንም አላየሽም እኮ።»

«እማማን ብሌም እያደረጓቸው ነው። እሳቸው ምንም አላደረጉም።»

«ሶ? የቀልድ ነው፤ ኔክስት ዊክ ይረሱታል። ማለቴ፣ ጋሽ እንግዳ ይሄን ከሰሙ የልጆቹን ካምፕ ሊድ ታደርጊያለሽ? ፎርጌት ኢት።»

የትንንሾቹ የበጋ ካምፕ መሪ ለመሆን ስንት ጊዜ ጸልያበታለች፤ ጋሽ እንግዳ ስሟን ለመሪነት ያስተላለፉት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ መረቧ ተመለሰች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይኼ ነው። እሷ በእጇ አልለከከችውም፤ ሌሎች ሲለክኩ ግን ዝም ብላ አይታለች።

«ማህዲዬ።»

ዘወር ስትል እማማ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ የወጥ ቤት ጓንት አድርገው ቆመዋል። ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና አንዷን ትንሽ ዓሣ በጅራቷ አነሷት።

«እማማ፣ ኖ ኖ! ይተዉት፣ እኛ ክሊን እናደርገዋለን።»

«እንዴት እተወዋለሁ? በእኔ ጦስ እናንተ ልጆች በሰንበት ግማት ታቅፋችሁ ዋላችሁ።» ዓሣዋን ፌስታሉ ውስጥ ቀስ አድርገው አስገቡ፣ የተኛ ሕፃን የሚያስተኙ ያህል። «ይጥገቡ ብዬ እንጂ እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ። ይቅር በይኝ ልጄ። ለጋሽ እንግዳም ነግሬዋለሁ፤ ከምሳ በፊት ቆሜ ሰዉን ሁሉ ይቅርታ ልጠይቅ።»

ማህደር አፈረች። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ብዙ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ኦኬ» ብቻ ሆነ።

ኦኬ! ሰማንያ የሞላቸው ሴት ባልሠሩት ጥፋት ይቅርታ ሲጠይቋት፣ ኦኬ። ራሷን ጠላች። እማማ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላትና በዝግታ ወደ አዳራሹ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የጋሽ እንግዳ ድምፅ በተከፈተው በር ወጣ። «ወገኖች፣ አንዴ ጸጥታ። እናታችን እማማ ዘነበወርቅ የሚሉት ነገር አላቸው።» ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ የፍቅር ሳቅ።

ማህደር መረቡን ሣሩ ላይ ጣለችው።

«ሄይ፣ የት ነው?» አለ ሊዮን። በሩጫ ወደ አዳራሹ ገባች።

እማማ መድረኩ ላይ ወጥተው ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጋሽ እንግዳ አጠገባቸው ቆመው፣ ማህደርን ሲያዩ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ አሉላት። ያ ፈገግታ ከደቂቃ በኋላ እንደማይኖር ታውቃለች። ደረጃውን ወጣች፤ ጭቃ የነካ ጫማዋ ምንጣፉ ላይ ምልክቱን ተወ።

«ወገኖቼ...» ብለው ጀምረዋል እማማ።

«እማማ፣» አለች ማህደር፣ እጇን ወደ ማይኩ ዘርግታ፣ «እርስዎ ይቀመጡ።»