ከቡናው መሃል የተገኘው ወንበር

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የሚል ካለ አልከራከርም... አጎቴን ገብረወልድን ግን ውሸታም እንዳትሉብኝ። እሱ ሰርግ ቤት እንኳን አጋንኖ የማያወራ ሰው ነው።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሸኮ አካባቢ፣ ቡና መሃል ያለ ቤት። ውጭ ዝናብ ይወርዳል።

አጎቴ ጡረታ ወጥቶ ሚዛን ከተማ ከመግባቱ በፊት አየር ኃይል ውስጥ ወንበር ጠጋኝ ነበር። ተራ ወንበር እንዳይመስላችሁ! ጄቱ ሊወድቅ ሲል አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣውን ነው። አብራሪዎቹንም አወጣጡን ያሠለጥን ነበር።

ያን ቀን ግን የሄደው ለሽምግልና ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ የሲሞንን ልጅ ሔዋንን ለእኔ ሊጠይቅ።

"ይቀመጡ እንጂ ጋሼ!" አለ ሲሞን።

"ጉዳያችንን ሳንናገርማ አንቀመጥም።"

እንደ ወጉ ቆመው ሳሉ የአጎቴ ዓይን ጥግ ላይ አረፈ።

የሲሞን አባት፣ አባባ ቲቶ፣ ዳንቴል የለበሰ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል...

የአብራሪ ወንበር ላይ!

ሲሞን ማሳ ሲመነጥር አግኝቶት፣ "ለአባቴ የክብር ወንበር ይሆናል" ብሎ በአራት ሰው አሸክሞ አምጥቶታል። ምንነቱን ማን ይንገረው?

አጎቴ ጠጋ ብሎ አየ። በአባባ ቲቶ ጉልበቶች መሃል ቢጫና ጥቁር እጀታ አለ። እጀታውን የሚቆልፈው ፒን ግን የለም። ከተሳበ ሽማግሌውን ከነወንበሩ በጣሪያ ያወጣቸዋል።

"ማንም እንዳይነካቸው... ሲሞን፣ በፒኑ ፋንታ የምሰካው ሚስማር! ቶሎ!" አለ አጎቴ።

ያን ጊዜ አባባ ቲቶ ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ።

ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አስደገፉ።

አገጫቸውን ቀና... ክርናቸውን ሰብሰብ...

አጎቴ ፈራ። የምር ፈራ። ቅደም ተከተሉን ለስንቱ አብራሪ አስተምሮታል! ከሸኮ ርቀው የማያውቁ ገበሬ ከየት ተማሩት?

የቀረው መሳብ ብቻ ነው።

ሁለቱም እጆቻቸው እጀታውን ጨበጡ።

"አባባ... እጅዎን ያንሱ" አለ አጎቴ በሹክሹክታ።

"ትእዛዝ እየጠበቅኩ ነው።"

"የማንን?"

"የዚህን ሰውዬ ነዋ... ከፊቴ ያለውን።"

ከፊታቸው ግድግዳ ብቻ ነበር። አጎቴ ግን ሁለት ሰው የሚጭኑትን ጄቶች አስታወሰ። እዚያ ላይ የኋለኛው የፊተኛውን ትእዛዝ ይጠብቃል።

ሲሞን ሚስማሩን አቀበለው። አጎቴ ተንበርክኮ የፒኑን ቀዳዳ ፈልጎ ሰካው። ከዚያ ሽማግሌውን ተጋግዘው አነሱና ማዶ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው።

"እፎይ... ተመስገን!"

ወንበሩን አዘንብለው ከሥሩ አዩት። ወንበሩን የሚያስፈነጥረው የባሩድ ቱቦ ባዶ ነው። ዝጓል፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ባሩዱ ከስንት ዓመት በፊት ተቃጥሎ አልቋል።

አጎቴ ሳቁ መጣ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ!"

ሲሞንም ሳቀ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ሳቁ።

"አባባ፣ አስደነገጥንዎት አይደል?" ብሎ አጎቴ ዞረ።

አግዳሚው ባዶ ነበር።

በበሩ ማንም አልወጣም። አንዳች ድምፅ የሰማም የለም።

ከአግዳሚው በላይ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ተቀዷል... የሰው ትከሻ በሚያሳልፍ ስፋት።

ዝናቡ ሽማግሌው በነበሩበት ቦታ ላይ እየወረደ ነበር።