መሃሉን ተውልኝ

አራጋው መስታወት ሲቆርጥ አይናገርም። ኮምቦልቻ ውስጥ መስኮት የሚያሠራ ሁሉ ይህን ጠባዩን ያውቃል፤ ሰላም ያለው ሰው መልስ የሚያገኘው የመቁረጫው አልማዝ መስመሩን ጨርሶ፣ መስታወቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጠቅ ብሎ ከተከፈለ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን የቆረጠው መስታወት ግን ለማንም መስኮት አልነበረም። ወፍራሙን መርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ ጎንና ጎኑን ከታችኛው መስታወት ጋር በሲሊኮን አጣብቆ፣ ሳሎኑ ውስጥ የልጁ የአበጋዝ አልጋ በተነሣበት ቦታ ላይ አቆመው። የዓሣ ገንዳ ነው፤ ውስጡ ሣርና ቅጠል የሚበቅልበት፣ አበጋዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ዓይነት።

ከዚህ በፊትም አንድ ነበር። ያንን አበጋዝ ራሱ ነበር ከአባቱ ሱቅ በተራረፈ መስታወት የሠራው። ቦርከና ዳር ውሃው ቀስ ከሚልበት እየሄደ ሣር ነቅሎ ሲመጣ፣ ጭቃውን በሳሎኑ ሲያንጠባጥብ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሱ ድንጋይ ሲያጥብ፣ አንድ ቀን የአራጋው ትዕግሥት አለቀና መዶሻ አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት እንዳይሰበርበት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው የልጁን ገንዳ በአንድ ምት አፈረሰው። ውሃው በእግራቸው ሥር ሲፈስ፣ "ሂድ፣ ዓሣ ይብላህ" አለው። ጅብ ይብላህ ማለት የለመደ አፍ ነበር፤ የዚያን ቀን ዓሣ አለ። አበጋዝ ወለሉ ላይ የሚንፈራገጡትን ዓሣዎች በጣሳ ለቅሞ ለጎረቤት ሰጠና፣ በሳምንቱ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። አባቱን አልተሰናበተም።

የመስቀል ማግስት፣ አራጋው ሱቁን ዘግቶ ገና ሳሎን እንደ ገባ ስልኩ ጮኸ። ቁጥር አያሳይም።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ።"

"አበጋዝ? ተሻገርክ እንዴ?"

"ደርሻለሁ። እስክለምደው ነው።"

ድምፁ ሩቅ ነው፤ ከጀርባው አንድ የሚንደቀደቅ ነገር ይሰማል፣ አንድ ቃል ከሌላው ቃል እስኪደርስ ድረስም ረጅም ዝምታ ይገባል። አራጋው ኔትወርኩን ረገመ። ኔትወርክ መርገም ልጅን ከመርገም ይቀላል፤ ማንም አይጎዳበትም። ከመዶሻው ቀን ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የቀረውን ያን አንድ ነገር፣ ይቅር በለኝ የሚለውን፣ ሊያወጣው አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

"ገንዳውን ልሠራልህ ነው" አለ።

"ሥራልኝ" አለ ልጁ። "እንዴት እንደሚሆን እኔ እነግርሃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ስልኩ የሚደወለው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ልጅ ያዝዛል፣ አባት ይታዘዛል፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ከታች ጥቁር አፈር፣ ከላዩ አሸዋ እንዲሆን ነገረው። በስተኋላ እንደ ሪባን የሚረዝመውን የውሃ ሣር ጥቅጥቅ አድርጎ፣ በፊት ለፊት አጭሩን ሣር፣ በቀኝ በኩል ውሃ የጠገበ የግራር ሥር። መብራቱን አታብዛው አለው፣ ከላይ ትንሽ ብትመጣ ትበቃለች። አራጋው ሁሉንም በጠመኔ ወለሉ ላይ እየነደፈ፣ በሜትሩ እየለካ፣ እሱም እንደ ልጁ ቦርከና ወርዶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ እየገባ ሠራው። አንድ ነገር ብቻ አከራከራቸው። አራጋው ከወንዙ ያመጣውን ሸንተረር ያለበት ድንጋይ መሃል ላይ ማቆም ፈለገ።

"መሃሉን ተውልኝ" አለ አበጋዝ።

"ባዶ ምን ያምራል?"

"መሃሉ የእኔ ነው አባዬ። ዓሣም ገና አታስገባ፤ እኔ ስነግርህ።"

አራጋው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብቻውን ሳቀ። ሲመለስ በእጁ ሊያስተካክለው ነው፣ ስለዚህ ሊመለስ ነው ማለት ነው። ዓሣውን አለማስገባቱም ገባው፤ አዲስ ውሃ ሳይረጋ ዓሣ እንደሚገድል ልጁ ድሮም ይነግረው ነበር፣ እሱ አልሰማ ብሎት እንጂ። ድንጋዩን ወደ ግራ አዛወረ። በዚያ ቀን እራቱን ሙሉ በላ።

በማግስቱ አሸዋው መሃል ላይ መዳፍ የምታህል ጎድጓዳ አገኘ። ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ፓምፕ ገፍቶት ይሆናል ብሎ በማንኪያ ደለደለው። በሌላው ቀን ጎድጓዳው ተመልሶ ነበር፣ ትንሽም ረዝሟል። ደለደለው። ተመለሰ። አንደኛው ጫፉ ሰፋ፣ ሌላኛው ጠበበ፣ ከወገቡ በታች ደግሞ ወደ አንድ ጎን ታጠፈ፤ አራጋው ፊቱን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ሲያየው፣ ልጅ ሆኖ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ሰብስቦ የሚያድረው አበጋዝ ትዝ አለው፣ ናፍቆት ነው ብሎም በራሱ ላይ ተናደደ። ማንኪያውን ግን ከዚያ በኋላ አላነሣም።

ኅዳር ሲገባ የገንዳው አፍ ዙሪያውን ነጭ ነገር ይጋገርበት ጀመር። የቧንቧው ውሃ ኖራ አለበት፣ ማንቆርቆሪያ ላይም እንዲሁ ይሠራል፣ ብሎ በጨርቅ ጠረገው። ጨርቁን ሲያጥብ ጣቱ ላይ የቀረውን ሳያስበው ወደ ምላሱ ወሰደ። ጨው ነበር። ውሃውን በባልዲ እየቀዳ ጓሮ ደፋና በአዲስ ሞላው፤ በማግስቱ ጠዋት አዲሱም ጨው፣ ጨው ይላል። ውሃውን የደፋበት የጓሮ ጎመን እንደ ተቀቀለ ሆኖ ጠወለገ። የገንዳው ሣር ግን በዚያው ጨው ውስጥ ይፋፋል፣ ይረዝማል፣ ውሃው ላይ ደርሶ ይታጠፋል። ቤቱም መሽተት ጀመረ፤ አራጋው በሕይወቱ ያየው ትልቅ ውሃ ከደሴ ማዶ ያለው ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ ደግሞ እንዲህ አይሸትም፤ ይሄ የከረመ ገመድ፣ የዛገ ብረትና የዓሣ ሽታ ነበር፣ ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ ሳይኖር። መብራት በጠፋ ጊዜ እንኳ፣ ፓምፑ ቆሞ፣ ከሣሩ ሥር አንድ ነገር ቀስ እያለ ይንደቀደቃል። በስልክ የሚሰማው ያው ድምፅ ነው። አራጋው ይህን ለራሱም አልነገረም።

ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ጠባይ አመጣ። ወይዘሮ ዘውዴ፣ ግድግዳ የሚለያቸው ጎረቤቱ፣ ሳይጠይቃት ወጥ ትልክለታለች፤ ሲያገኛት ግን ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። መንገድ ላይ ሰብሰብ ብለው የቆሙ ሰዎች እሱ ሲደርስ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ በጠራራ ፀሐይ። ልብስ ሰፊው ሙሄ፣ የዕድሩ ሰብሳቢና የዘመን ጓደኛው፣ በየሁለት ቀኑ ሱቁ እየመጣ ሻይ ያዝዝና ሳይጠጣው ይቀመጣል።

"ከልጁ ወሬ አለህ?" ይለዋል።

"እንዴታ፣ ትናንት ደውሎ ነበር።"

ሙሄ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ትናንት?"

"ትናንት። ቦታውን እየለመደ ነው፤ አሸዋ ላይ ነው የምተኛው ይላል።"

ሙሄ ተነሥቶ ወጣ። ሻዩ ሳይነካ እዚያው ቀዘቀዘ። አራጋው ይህን ሁሉ ምቀኝነት ነው ብሎ ተረጎመው፤ ልጄ ደረሰልኝ የሚል ሰው ሲያይ ደስ የማይለው ብዙ ነው፣ ሙሄ ግን እንዲህ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት የልጁ ድምፅ ጠራ። ዝምታዎቹ አጠሩ፣ ድምፁም ከአጠገቡ፣ ከዚያው ከሳሎኑ የሚመጣ ያህል ቀረበ። "ነገ ደሴ ሂድና ዓሣ አምጣ" አለው። "ግን አትልቀቃቸው፤ እኔ ስደውል።" አራጋው በዚያ ደስታ ተደፋፍሮ፣ "አንተ፣ ያን ቀን ያልኩህ..." ብሎ ጀመረ። መስመሩ ተቋረጠ። ደሴ ሄዶ ቀይና ብርማ ዓሣዎች በላስቲክ ከረጢት አስቋጥሮ አመጣና ከገንዳው አጠገብ በሳፋ አስቀመጣቸው። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ግቢው ሞልቷል። ከፊት ሙሄ፣ ከጎኑ ወይዘሮ ዘውዴ፣ ከኋላቸው ደግሞ ከከሚሴ ማንም ሳይጠራት የማትመጣው እህቱ ያልጋነሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ብዛት፣ እንዲህ ባለ ዝምታ ሰው ደጃፍ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራጋው ራሱ ስንቱን ቤት እንዲህ ቆሞ አርድቷል።

"ቁጭ በል ወንድሜ" አለ ሙሄ፣ ትከሻውን ይዞ ወደ ሳሎኑ እየመለሰው፤ ሰዎቹም ተከትለው ገቡ።

"ልጄ ትናንትና..."

"አውቃለሁ። ልንነግርህ በመጣን ቁጥር ትናንት ደወለ ትለናለህ። ስሕተት ይሆን ብለን፣ ከሞት ተርፎ የተመለሰውን ጓደኛውን ደጋግመን አስጠየቅነው። በእጁ ይዞት ነበር አራጋው። ማዕበሉ ነጠቀው፣ ሲሰምጥ አይቷል። ሬሳውም አልተገኘም።"

"መቼ?"

ሙሄ ወደ ያልጋነሽ አየ። "ለመስቀል ዋዜማ" አለች እህቱ፣ ከዚያም ፊቷን ይዛ ጮኸች፣ ሴቶቹም ተከተሏት።

አራጋው አላለቀሰም። ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ገንዳውን ያይ ነበር። የፓምፑ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ረጅሙ ሣር ግን ከየአቅጣጫው ወደ መሃል አጎንብሶ፣ ሕፃን የተኛበት አልጋ ላይ እንደሚያጎነብሱ ሰዎች፣ ያን ጎድጓዳ ሸፍኖታል፤ ከሣሩ ሥር አሸዋው ከፍ ዝቅ ይላል። ሳፋው ውስጥ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ገንዳው በኩል ተሰብስበው አፋቸውን ላስቲኩ ላይ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

የኮት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልቅሶው ባንዴ ቆመ፤ ሁሉም ሰማው። ወይዘሮ ዘውዴ አማተበች፣ ሙሄም እጁን ከአራጋው ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። አራጋው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንቢ ያለው ነገር በመጨረሻ በሰው ሁሉ ፊት ከአፉ ወጣ፤ "ይቅር በለኝ ልጄ፣ ያን ቃል አንሥቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ አልልህም፣ አንሥቼዋለሁ" አለ፣ እንባውም ያኔ ወረደ።

"ግድ የለም አባዬ" አለ አበጋዝ፣ ድምፁ ከገንዳው በኩል እየመጣ፤ "ቦታዬን አሳምረህልኛል፣ ተመቻችቼ ተኝቻለሁ፤ በል አሁን ዓሣዎቹን ልቀቃቸው።"