የመጀመሪያዋ ጎረቤት ጧፍ

«ታጣቂዎቹን ይደግፋሉ፣ ይቃወማሉ ወይስ አስተያየት የለዎትም?»

ዶሚኒካ ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ጠያቂው አልባሮ የሚባል፣ ከቢልባኦ የመጣ መነጽራም ወጣት ነበር። የባስክ ሕዝብ ለነፃነት ብለው የሚተኩሱትን ሰዎች ምን ያህል እንደሚደግፍ ለማወቅ በሸለቆው ቤት ለቤት ይዞራል። ያረፈውም እሷው ቤት ነበር። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይጽፋል፤ ይህችን አንዷን ግን ሰው እንዳይፈራ ብሎ በትንሽ ወረቀት ለይቷታል። ሰዉ ምልክቱን ያደርግና በፖስታ አሽጎ ይሰጠዋል። ዶሚኒካ ወረቀቷን አገላብጣ አየችና ባዶዋን አሸገቻት። እደግፋለሁ ብትል መንግሥት አለ። እቃወማለሁ ብትል ጎረቤት አለ። አስተያየት የለኝም ማለት ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ላላት እናት ውሸት ነው።

አልባሮ ሐሙስ ማለዳ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ለመያዝ ከቤቷ ወጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከወፍጮው በታች፣ በግድቡ ድንጋዮች መካከል ተሰንቅሮ ሬሳው ተገኘ። ከበላዩ የእግረኛው ድልድይ መደገፊያ ተሰብሯል። ቦርሳው ድልድዩ ላይ ቀርቷል። ቤት ለቤት የሞላቸው ትልልቆቹ ወረቀቶች ሁሉ ውስጡ አሉ፤ የታሸጉት ፖስታዎች ግን አንድም አልተገኙም።

መርማሪው ዳኛ ዶን ፋኩንዶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አጠር ያለ፣ ባርኔጣውን ከራሱ ይልቅ በእጁ መያዝ የሚወድ ሰው ነው፤ የተወለደው ከተራራው ባሻገር ባለው ሸለቆ ነው። እሱ ሲደርስ የዶሚኒካ ልጅ ሻንቲ ማዘጋጃ ቤት ታስሮ ነበር። ማክሰኞ ዕለት በኤራሞን መጠጥ ቤት የራሱን ወረቀት ሰው ሁሉ እያየ ቀዳዶ «ይሄን ሰላይ ወንዝ ነው የምከተው» ብሏላ። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ነፃ ካልወጣ ወደ ማድሪድ እንደሚወሰድ ለዶሚኒካ ነገሯት። ማድሪድ የተወሰደ ልጅ ምን ሆኖ እንደሚመለስ በዚያ ሸለቆ የማታውቅ እናት አልነበረችም።

ዳኛው መጀመሪያ ወደ መጠጥ ቤቱ ገባ። ኤራሞን የፖም ጠጅ እየቀዳ ነበር። ከኋላው ግድግዳው ላይ የሸለቆው እስረኞች ፎቶ ተደርድሯል።

«ወረቀቱ ላይ ምን ሞሉ?»

«አስተያየት የለኝም ነው ያልኩት። ሳላሽገው ለደንበኞቼ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ይጠይቋቸው።»

«አስተያየት የሌለው ሰው አሥራ አንድ ፎቶ ይሰቅላል?»

«እሱ የግድግዳው አስተያየት ነው፣ ክቡር ዳኛ። የኔ ሥራ መቅዳት ነው።»

ከአሥራ አንዱ ፎቶ አንዱ የቤኛት፣ የኢናሺ ልጅ ነበር። ኢናሺ የዶሚኒካ የመጀመሪያ ጎረቤት ናት። በዚያ አገር የመጀመሪያ ጎረቤት ከዘመድ ትቀድማለች፤ የዶሚኒካ ባል የሞተ ዕለት ሬሳውን ያጠበችው ኢናሺ፣ ካህኑን የጠራችው ኢናሺ ነበረች። ሁለቱም ሃምሳ ካለፋቸው በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል ይማራሉ። በልጅነታቸው ባስክኛ መጻፍ በበትር የሚያስቀጣ ነገር ነበር።

ኢናሺ ዳኛውን የተቀበለችው ባቄላ እየፈለፈለች ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሞላች ሲጠይቃትም እጇን አላቆመችም።

«የልጄ ፎቶ ኤራሞን ግድግዳ ላይ አለ። እኔም ዓርብ ዓርብ አደባባይ ላይ ይዤው እቆማለሁ። ምን የምሞላ ይመስልዎታል?»

ዳኛው አመስግኖ ወጣ። ላቀረበው ጥያቄ ጥያቄ እንጂ መልስ እንዳላገኘ ግን ልብ ብሏል።

ዶሚኒካን ያገኛት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የምትጠርገው እሷ ናት። እዚያ እያንዳንዱ ቤት ለሙታኑ ወለሉ ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ በየቦታውም ጧፍ የተጠመጠመበት የተቀረጸ ጣውላ ይቀመጣል። ዳኛው በየጣውላው ላይ አቧራውን እያየ አለፈ። የዶሚኒካ ቤት ቦታ ላይ ሲደርስ በርከክ ብሎ ወለሉን በጥፍሩ ነካ አደረገ።

«እዚህ ጋ የፈሰሰ ሰም በቢላ ተፍቋል። ጭረቱ አዲስ ነው። ጧፉን ያበራው ማነው፣ እመቤቴ?»

ዶሚኒካ መጥረጊያዋን አንስታ ወደሚቀጥለው ጣውላ አለፈች።  ዳኛው አልተጫናትም፤ ነገ ጠዋት ሁላችሁንም እዚሁ እፈልጋችኋለሁ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሻንቲን በካቴና አመጡት። ኤራሞን ከበሩ አጠገብ ቆመ። ኢናሺ ከዶሚኒካ ጎን ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮው ትከሻቸው ተነካክቷል።

«እመቤት ዶሚኒካ፣» አለ ዳኛው፣ «ዝም ካሉ ልጅዎ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል። ቢናገሩ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ቃል አልገባልዎትም።»

«እማ፣ ተናገሪ። እኔ ምንም ያበራሁት ጧፍ የለም» አለ ሻንቲ።

ተናገረች። ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልትጠርግ ስትገባ በቤቷ ቦታ ላይ የጠፋ ጧፍ አገኘች፤ ሰሙ ገና አልደረቀም። ሰው መሞቱ ሲሰማ ልጇ በጸጸት ያበራው መሰላትና ማንም ሳያይ በቢላ ፋቀችው።

ዳኛው ባርኔጣውን አገላበጠ።

«እንግዲህ ቀስ ብለን እንሂድ። ቦርሳው ውስጥ የጠፋው ፖስታ ብቻ ነው። ገዳዩ የፈራው በፖስታ ያሸገውን የራሱን መልስ ነው። ሻንቲ ወረቀቱን አስቀድሞ ቀዶታል፤ የሚፈልገው ፖስታ የለውም። ኤራሞን መልሱን ለአገር አሳይቷል፤ የሚደብቀው የለውም። ይህን ያደረገው በአደባባይ አንድ ነገር ሆኖ በፖስታው ውስጥ ሌላ የሆነ ሰው ነው።»

ኤራሞን ጉሮሮውን ጠረገ። ዳኛው ቀጠለ።

«ጧፉ የበራው ሬሳው ከመገኘቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ ነው። ያበራው ሰው ሞቱን ያውቃል። ለምን እዚህ ቦታ ላይ? ሟቹ ያረፈው በዚህ ቤት ነው፤ ከዚህ ቤት ወጥቶ ሞተ፤ ስለዚህ የዚህ ቤት ሬሳ ነው። እናቴ ቤትም እንዲሁ ነበር። ሐዘን የገባበት ቤት ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን እሳት አይነካም። ሻንቲ ቢሆን፣ እናቱ ብትሆን እጃቸውን አይዘረጉም። ጧፉን የምታበራላቸው…»

አልጨረሰውም። ዶሚኒካ ከዳኛው ቀድማ ገብቷት ነበር። የፋቀችው ሰም የልጇ አልነበረም። ትከሻዋን ለማራቅ ፈለገች፤ አልቻለችም።

«የዚህ ቤት የመጀመሪያ ጎረቤት ማናት?»



«እኔ ነኝ» አለች ኢናሺ። ወደ ዶሚኒካ ዞረች። «ያቺን ቁጥር ባትነግሪኝ ደግ ነበር።»

ዶሚኒካ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ የታተመ ነገር ሁሉ አያመልጣትም ነበር። ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤት፣ ከወረቀቷ ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር እንዳየች ለኢናሺ እንደ ጨዋታ አንስታላት ነበር፤ ቁጥሯም በአልባሮ ዝርዝር ላይ ከቤቷ ስም ፊት ካለው ቁጥር ጋር አንድ ናት። ኢናሺ ያን ቀን ቶሎ ወደ ቤቷ ገባች።

«እቃወማለሁ ነው ያልኩት» አለች ኢናሺ በዝግታ። «ልጄን ከጉያዬ የወሰዱት እነሱ ናቸው። የልቤን በገዛ እጄ ሳሰፍር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።»

ቢታወቅ የቤኛት ፎቶ ከግድግዳው ይወርዳል፤ እስር ቤት ያሉት ጓደኞቹም ጀርባ ይሰጡታል። ይህን አስባ ማለዳ ድልድዩ ላይ ጠበቀችው። ወረቀቴን መልስልኝ አለችው። አልባሮም በትሕትና፣ ቁጥሩ ለቆጠራ ብቻ እንደሆነ፣ አንድ ቢጎድል ድምሩ እንደሚበላሽ አስረዳት። ቦርሳውን ያዘች፤ አለቅም አለ፤ ገፋችው። መደገፊያው የበሰበሰ ነበር። ፖስታዎቹን እቤቷ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ጧፉንስ ለምን?» አለ ዳኛው። ድምፁ የዳኛ አይመስልም ነበር።

«ሰው ከእነዶሚኒካ ቤት ወጥቶ ሞቶ እንዴት በጨለማ ይቅር?»

የሻንቲ ካቴና ተፈታ። ኤራሞን አንዲት ቃል ሳይናገር ወጥቶ ሄደ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ግድግዳው ላይ አሥር ፎቶ ብቻ ቀረ። ኢናሺ በዳኛው መኪና ወደ ከተማ ወረደች። በኅዳር ሻንቲም ሻንጣውን ይዞ ቢልባኦ ገባና እዚያው ቀረ። ዶሚኒካ ከሸለቆው አልወጣችም። እሑድ እሑድ በሁለት ቦታ ጧፍ ታበራለች፤ አንዱን በራሷ ቤት ቦታ፣ አንዱን ሰው በሌለበት በኢናሺ ቤት ቦታ።