ግራጫዋ መርከብና የማዱራዋ ሙሽራ

«ስንት ቃሪያ ላድርግልህ?»

ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰው ወጣት ደረቱን ነፋ። «አሥር!»

ሆስኒያ ቀና ብላ አየችው። ሱራባያ ወደብ በር ላይ ሩጃክ የሚሉትን ቃሪያና ኦቾሎኒ የገባበት የፍራፍሬ ምግብ ስትሸጥ ስንቱን ጉረኛ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና ማየቷ ነው። አሥሩንም ቃሪያ ከኦቾሎኒው ጋር ድንጋዩ ላይ ደቁሳ አቀረበችለት። በሁለተኛው ጉርሻ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምነው፣ እናትህ ናፈቁህ?»

«የ... የለም። ጣፍጦኝ ነው!»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በማግስቱም መጣ፤ ያን ቀን በሁለት ቃሪያ ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ መምጣቱን አላቆመም።

ያኑአር ይባላል። ኮርቬት በሚሏት ፈጣን የጦር መርከብ ላይ ራዳር ተመልካች ነው። ሥራቸው ሩቅ ሰሜን ያለውን የናቱናን ባሕር መቃኘት፣ ዓሣ የሚሰርቁ የውጭ ጀልባዎችን ማባረር ነው። ስለ መርከቧ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ሆስኒያ የወደደችው ያንን ፊት ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ እኔም እወደው ነበር።

አባቷ ሐጂ ሞክሲን ከባሕረ ሰርጡ ማዶ፣ ማዱራ ደሴት ላይ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ጀልባቸው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ነው። እዚያ አገር ሁለት ተመሳሳይ ጀልባ አይገኝም፤ ከሩቅ ቀለሙን አይቶ «የእገሌ ነው» ማለት ያልቻለ ልጅ ይሳቅበታል።

ያኑአር ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን ሆነ መሰላችሁ?

«መርከብህ ቀለሟ ምንድን ነው?»

«ግራጫ ናት፣ አባቴ።»

«ግራጫ? ባለቤት የላትም እንዴ?»

እንዲያም ሆኖ ጥሎሹን ተቀብለው ልጃቸውን ሰጡት። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ተቆረጠ። ያኑአር ግን ከዚያ በፊት ወደ ናቱና መሄድ ነበረበት።

«ከሠርጉ ሳምንት ቀድሜ እደርሳለሁ» አላት። «ባሕር ላይ ስልኬ አይሠራም፤ እንዳትጨነቂ።»

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ሆስኒያ ከማዱራ በመሻገሪያዋ ጀልባ ወደ ሥራዋ ስትሄድ መርከቧን ወደቡ ላይ ቆማ አየቻት። ያው ሹል አፍንጫ፣ ያው መድፍ፣ ያው ግራጫ! ልቧ ዘለለ። ኩሏን ተኳለች፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን አየች። አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። የሚያልፉትን መርከበኞች እንዳትጠይቅ ኩራቷ አንቆ ያዛት። እጮኛዬ የት ገባ ብዬ ልለምን? ሞቼ ነው ቆሜ!

«መርከቧ ገብታለች፣ ሰውየው የለም» አሉ አባቷ። «ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጥሎሹ ጀልባ ላይ ይጫን፣ አባዬ። እኔው ራሴ ለእናቱ አስረክባለሁ።»

ተሻገሩ። የያኑአር እናት እትዬ ሱርያቲ በር ከፍተው የተጠቀለለውን ጨርቅና የወርቅ ሣጥኑን ሲያዩ ደነገጡ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ልጅዎ ወደብ ተቀምጦ ሊያየኝ አልፈለገም» አለች ሆስኒያ። «እኔም ሰው አላስቸግርም።»

«ወደብ? ያኑአር እኮ ናቱና ነው!»

«መርከቧን በዓይኔ አይቻታለሁ!»

እትዬ ሱርያቲ ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀባቸው። «ውይ ልጄን! ያቺ የመርከቡ እህት ናት! አራት ናቸው፤ አንድ እናት የወለደቻቸው ነው የሚመስሉት። የሚለያቸው ጎናቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።»

«ቁጥር?!» ሐጂ ሞክሲን ጮኹ። «መርከብ በቁጥር ይታወቃል? እስረኛ ናት እንዴ?»

ሆስኒያ እትዬ ሱርያቲ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጥሎሹም ተመልሶ ተጫነ።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ፈቅደውለት ያኑአር በሳተላይት ስልክ እየደወለ ነው።

«ሆስኒያ... የውጭ ጀልባዎች ድንበር ጥሰው ገብተዋል። የምትተካን መርከብ እዚያ ሱራባያ ጥገና ላይ ናት። እስክትመጣ ከዚህ አንነቃነቅም። ለሠርጉ... አልደርስም። ይቅርታ አድርጊልኝ!»

«እናንተ ከለቀቃችሁ ማን አለ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እንዳትለቅ!»

ሲያለቅስ ሰማችው።

አባቷ ከጎኗ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «ሠርጉ ይተላለፍ! ልጄ ባዶ ወንበር አታገባም።»

«አባዬ፣ የኛ ሰዎች ናቱና ድረስ ሄደው መረባቸውን የሚጥሉት በማን ጥላ ነው?» አለች። አባቷ «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ። ወደ ስልኩ ዞረች። «ያኑአር፣ ወንድምህን ወኪል አድርገው። ኒካው በቀኑ ይታሰራል!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የመርከብህን እህት አይቼ ጥሎሽህን ልመልስ ነበር። ከእንግዲህ ግን በኔ በኩል አታስብ።»

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። የያኑአር ታላቅ ወንድም ዊናርኖ «ለወንድሜ ለያኑአር ተቀብያለሁ» አለ። ሆስኒያ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ለብቻዋ የሙሽራ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኋላ ሹክሹክታ ተነሣ። «ሙሽራው የታለ? ጠፋ እንዴ?»

ሐጂ ሞክሲን ብድግ አሉ። «ሙሽራው ባሕራችንን እየጠበቀ ነው! ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?»

ጭብጨባው ድንኳኑን አናወጠው።

ኮርቬቷ ስትመለስ የመርከበኞቹ ቤተሰብ ወደቡን ሞልቶት ነበር። ያኑአር በነጭ ልብሱ መሰላሉን ወረደና ሆስኒያ ፊት ሲደርስ ቆመ። ጠቁሯል፣ ከስቷል። እስከዚያች ቀን እጇን እንኳ ነክቶ አያውቅም።

«ሳልኖር አገባሁሽ...» አለ።

«አንተ ባትኖር እኔ ነበርኩ።»

«ምን ይገትርሃል?» ሐጂ ሞክሲን ከኋላ ገፉት። «ሚስትህ ናት እኮ!» ከዚያ አጠገባቸው ወዳለው የማያውቁት ሰው ዞረው «የኔ አማች ነው» አሉ፤ ሰውየው አልጠየቃቸውም።

ባል በኒካው ቀን እጁን ሚስቱ ራስ ላይ አድርጎ ይጸልያል። ያኑአር መዳፉን ቀስ ብሎ ሻሿ ላይ አሳረፈ። ከመርከቧ ላይ ጓደኞቹ ፉጨታቸውን አቆሙ፤ አዛዡም ኮፍያቸውን አወለቁ። ያኑአር ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎቱን ጀመረ፣ ሆስኒያም «አሚን» አለች።