የኖኤል ሰባት ቤት

ሳፒር ከኖኤል ጋር የያዘችውን ፍቅር ከአባቷ ከአባባ ሀይሌ ከደበቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሽኩና ኣሌፍ በሚባል የአይሁድ አገር ሰፈር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ደግሞ ለምስጢር አትመችም። ኖኤል የሚተኛው ከአባባ ሀይሌ አልጋ አጠገብ ነው፤ እሷ ከግድግዳው ወዲያ።

ኖኤል ከፊሊፒንስ የመጣ አስታማሚ ነው። ቪዛው በአባባ ሀይሌ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ እሳቸው ሲያልፉ እሱም ከአገር ይወጣል። ብትናገር አባቷ የሚያባርሩት መሰላት። ዝም ብትል የአባቷ ሞት ሊነጥቃት ነው። በየትኛውም በኩል መውጫ አጣች።

ሽማግሌው ግን በየጠዋቱ ኖኤል እግራቸውን ሲያጥባቸው ጥያቄ አያልቅባቸውም።

«አገርህ ደሴት ነው አልከኝ?»

«አዎን አባባ፣ ካታንዷኔስ። ከእኛ በስተምሥራቅ ውሃ ብቻ ነው።» አማርኛ የለመደው ከእሳቸው ነውና አነጋገሩ የጎንደር ሽማግሌ ነው።

«ማን ገዛችሁ?»

«እስፓኞች፣ ኋላም አሜሪካኖች።»

«በምን ትተዳደራላችሁ?»

«ዓሣ እናጠምዳለን። ሙዝ ከሚመስል ተክል ገመድ እንገምዳለን። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጣራውን በዚያው ገመድ እንጠፍራለን። ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጀልባ ከወደብ አይነሳም፤ ሰው ሁሉ ባለበት ይቀራል።»

ከዚያ የአባቱን ስም ጠየቁት፤ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱንም። አራተኛው ላይ ሲጠፋበት እናቱ ዘንድ አስደወሉት። ሳፒር የሽማግሌ ጨዋታ መሰላት።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የአባባን ልብ መርምሮ የቀራቸው ጥቂት ወር ነው አላት። ሳፒር ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። በማግስቱ አባቷ ሁለቱንም ጠርተው አስቀመጧቸው፤ የኖኤልን ሰባት አባቶች አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ቀጥለውም የራሳቸውን።

«የትም አልተገናኙም» አሉ።

ሳፒር ክው አለች። በእነሱ ዘንድ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው።

«ያውቁ ነበር?»

«የታመመው ልቤ እንጂ ዓይኔ መቼ ነው?»

«ሃይማኖቱስ፣ አባ?»

«እሱ ቆርቁሮኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ሰውየውን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር አይሁድን ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር ማንም አያጋባም። የልቤ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል፤ ወደቡ ሳይዘጋ ሂዱና አገሩ ተጋቡ።»

ሳፒር ለአባቷ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነበር የምትመልሰው። ያን ዕለት ግን በአማርኛ «እርስዎን ጥዬ የት ልሂድ?» አለች።

«እህቴ አምሳለ ከሽኩና ቫቭ ትመጣልኛለች።»

ኖኤል አቀርቅሮ እንባውን ጠረገ። አባባ ሀይሌ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«አገሩን ሳላጣራ የምሰድሽ መሰለሽ? ከወደቡ ወርደሽ ባሕሩን በግራሽ ይዘሽ ሂጂ። ጣራው በገመድ የታሰረው ሦስተኛው ቤት ነው። እናቱ ጆሯቸው ይደክማል፤ ጮክ ብለሽ ጥሪያቸው።»