የሚስተር ቴስማን ቼክ

«በቃ፣ ተበልተሻል!» አለች ዳርሲ፣ የባንኩን ደብዳቤ ከጓደኛዋ ከግሬታ እጅ ነጥቃ እያነበበች። «ቼኩ ሳይከፈል ተመልሷል ይላል። ሽማግሌው ሸወደሽ።»

ግሬታ ባለፈው ወር አንድ አሮጌ፣ ክር የሚጠቀለልበት የዓሣ ማጥመጃ መዘውር በኢንተርኔት ጨረታ ሸጣ ነበር። ጎረቤት ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ በሁለት ዶላር ገዝታ፣ ዝገቱን ፈትጋ፣ ጥርሶቹን ዘይት ቀብታ ያዳነችው ነው። ኔብራስካ የሚኖሩ ኦርቪል ቴስማን የሚባሉ ሰው በሰባ አራት ዶላር አሸነፉት። ቼካቸው በፖስታ በመጣ ዕለት ዕቃውን አሽጋ በፖስታ እንድትልክላት ለዳርሲ ሰጠቻት። ዳርሲ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፣ ፒካፕ ትነዳለች፣ ቤቷም ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ቼኩን ደግሞ ግሬታ ባንክ እንድታስገባላት ለእናቷ ሰጠች። እናቷ ቦርሳ ውስጥ የገባ ነገር ቶሎ አይወጣም፤ ቼኩ ባንክ የደረሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እስከዚያ ሚስተር ቴስማን ሁለት ጊዜ ጽፈው ነበር። «ውድ ወይዘሪት፣ ዕቃው አልደረሰኝም። በእርግጥ ልከሽዋል?» ግሬታ ሁለቱንም ጊዜ ዳርሲን ጠይቃ «ተልኳል» ብላ መልሳላቸዋለች።

«ደርሶት ነው የሚክደው» አለች ዳርሲ። «ዕቃውን ወሰደ፣ ገንዘቡን አስቀረ። ዓይን ያወጣ ሌባ! አንቺ ደግሞ ፋራ ነሽ፣ ሰው ታምኛለሽ።»

ግሬታ ደብዳቤዎቹን እንደገና ስታነባቸው «ውድ ወይዘሪት» ማለታቸው እንኳ የአታላይ ትሕትና መሰላት። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። በጨረታው ገጽ ላይ ሻጭና ገዢ አንዱ ስለሌላው ምስጋና ወይም ቅሬታ ይጽፋሉ፤ አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም። ግሬታ ሠላሳ አንድ ምስጋና አላት፣ ቅሬታ ግን አንድም የለባትም። አይቷት የማያውቅ ሰው ለአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ገንዘብ የሚልከው በዚህ ብቻ ተማምኖ ነው።

«ሌባ ነው። የማይከፈል ቼክ ይልካል። ተጠንቀቁ» ብላ በስማቸው ሥር ጻፈች።

«እሰይ!» አለች ዳርሲ ከኋላዋ ቆማ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቅዳሜ ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቼኩን ለመቀበል ባንክ ሄደች። መስኮቱ ላይ የምትሠራው ሚስስ ፕሩሲ ናት።

«እናትሽ ደውላልኛለች፤ ይኸው» ብላ ሰጠቻት።

«ገንዘብ ሳይኖራቸው ነው አይደል የጻፉት?»

«ማን አለሽ? ማህተሙን አንብቢው እንጂ። ‹ክፍያው በባለቤቱ ታግዷል› ነው የሚለው። ገንዘብ ከሌለ የሚመታው ሌላ ማህተም ነው።»

«ለምን ያግዳሉ ታዲያ?»

«የገዛው ነገር ያልደረሰው ሰው እንዲህ ያደርጋል። ዕቃውን ልከሽላቸዋል?»

ግሬታ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። የላከችው እሷ አይደለችም። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ዳርሲን ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች። መጀመሪያ «ቤት ነው ያለው» አለቻት፤ ቀጥሎ ደግሞ «ከሱሪዬ ጋር ታጠበ»። ቼኩን ይዛ ወጣች።

ዳርሲ ውጭ ፒካፑን አስነስታ እየጠበቀቻት ነበር።

«ደረሰኙን አሳዪኝ» አለቻት ግሬታ።

«ታጠበ አልኩሽ እኮ! ምንድን ነው፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

ግሬታ በሩን ከፍታ ወንበሩን ወደ ፊት አጠፈችው። ከኋላው የዳርሲ አባት ዓሣ ለማጥመድ የሐይቁን በረዶ የሚበሳበት ረጅም ብረት ተጋድሟል። ከሥሩ ግሬታ በገዛ እጇ አድራሻ የጻፈችበት ካርቶን ተጨፍልቆ ተቀምጧል።

«በማግስቱ ልወስደው ነበር» አለች ዳርሲ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ብረቱ ወደቀበት። ስከፍተው እጀታው ተሰብሯል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ዛሬ ነገ ስል…»

«ሌባ ነው ስትዪኝስ?»

ግሬታ ተናደደች፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን ያቃጠላት እፍረቱ ነው። የጻፈችው በሌላ ሰው እጅ አልነበረም።

«ስሚኝ» አለች ዳርሲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «መንገድ ላይ ጠፋ በያቸው። ማን ያጣራል? እውነቱን ከነገርሻቸው እሳቸውም ይጽፉብሻል። ከዚያ በኋላ ማን ካንቺ ይገዛል? ሠላሳ አንዱም ምስጋና ገደል ገባ ማለት ነው።»

ዳርሲ ያለችው ልክ ነበር፤ ይበልጥ የሚያናድደውም እሱ ነው። ግሬታ ካርቶኑን አቀፈች።

«ግቢ፣ ላድርስሽ።»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

ግማሽ የሟሟውን በረዶ እየረገጠች፣ ጫማዋ ውኃ እያስገባ፣ ቤቷ ስትደርስ ማንም አልነበረም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቼኩ ላይ፣ ከጥግ በኩል፣ የሰውዬው ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ታትሟል። ይህን ሁሉ ጽፎ የሚልክ ሌባ የት አለ? ቅዳሜ ዕለት ይህ እንዴት አልታሰባትም?

ስልኩን አነሳች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ፣ ቴስማን ነኝ» አለ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ።

«ሚስተር ቴስማን፣ ግሬታ እባላለሁ» አለች። «ሌባ ብዬ የጻፍኩብዎት እኔ ነኝ። ዕቃዎ አልተላከም። ተሰብሮ እኔ ጋ ነው ያለው።»